ለአፈር የተሰጠ አደራ

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለወይዘሮ አሰገደች፤ ዲላ፣ ደራሳ አውራጃ

አክስቴ፣ የጌታ ሰላም ካለሽበት ይግባ። አንቺም፣ እናቴ አልጣሽም፣ በአሪቻ ያሉ ጎረቤቶቻችንም በጤና ከርማችኋል ወይ? እኔን የአምላክ ቸርነት እስከ ዛሬ አቁሞኛል።

በባህሩዲን የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ሞያሌን ከተሻገርኩ እነሆ ሦስት ወር ሞላኝ። አሁን አንድ ህንዳዊ ጋራዥ ገብቻለሁ። ሥራዬ የሞተር ዕቃ በላምባ ማጠብ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስልሳ ብር አለ። ሽልንጉን ባህሩዲን ሞያሌ ላይ መንዝሮ ያመጣልሻል፤ ለእናቴ በእጅሽ አድርሽላት።

ገንዘቡ ለምን እንደሆነ ለአንቺ መንገር አይገባኝም ነበር፤ ግን እናቴ እንዳትረሳው ደግሜ እጽፋለሁ። አባቴ በወሰን ክርክር ተይዞ የቡና መሬታችንን ለባላምባራስ ጓንጉል በሰባት መቶ ብር ወለድ አግድ ያስያዘበትን ውል ያነበብሽልን አንቺ ነሽ። ገንዘቡ እስኪመለስለት ጓንጉል ቡናውን እየለቀመ ይበላል። እስከ ጥቅምት 1960 መጨረሻ ሰባት መቶው በአንድነት ካልተቆጠረለት ግን መሬቱ የእሱ ሆኖ ይቀራል። አባቴም የተቀበረው እዚያው ቡናው መሀል ነው። እኔ ይህን ሳላስመልስ ወደ አገሬ ፊቴን አላዞርም።

እናቴ ገንዘቡን ቤት ውስጥ እንዳታኖረው። ሌባም አለ፣ እሳትም አለ፣ አዝኖ የሚለምን ዘመድም አለ። አያቴ ጠገራ ብሩን ያደርገው እንደነበረው በማሰሮ አድርጋ ከጎጆዋ ጀርባ እንሰቱ ሥር ትቅበረው። የአያቴ ጠገራ ሃያ ዓመት አፈር ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ትናንት የተቀበረ ይመስል እንደነበር አንቺም አይተሻል። ለእኛ አገር ሰው ከአፈር የበለጠ አደራ ጠባቂ የለም።

ደመወዜን ስቀበል ቆሜ እጸልይበታለሁ። ሌላው ሰው ሲተኛ ምን እያለ እንደሚጸልይ አላውቅም፤ እኔ ሰባት መቶ፣ ሰባት መቶ እያልኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ናይሮቢ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ እንደ አሪቻ ጉም አለው።

ያንቺው ልጅ፣ ሽብሩ


ዲላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሽብሩ

ከእናትህ ታናሽ እህት ከአሰገደች። በሰው አገር የሚጠብቅህ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። እኛ ደህና ነን። እኔም እንደምታውቀኝ በባህሩዲን ሱቅ በረንዳ ላይ ከልብስ ስፌት ማሽኔ ጋር ተቀምጬ የሰውን ቀሚስ ሳጠብብና ሳሰፋ እውላለሁ። ሚስቱ ረህማ ከውስጥ ሆና «ያ ልጅሽ ጽፏል» ብላ ስትጠራኝ መርፌውን እጨርቁ ላይ ሰክቼ ነው የሮጥኩት።

ቅዳሜ በቡና መኪና ይርጋ ጨፌ ወረድኩ፤ ከዚያ አሪቻ ድረስ በእግሬ። እናትህ ብሩን ተቀብላ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ አሸተተችውና «ላምባ ላምባ ይሸታል፤ የእጁ ሽታ ይሆን?» አለችኝ። አዎ አልኳት። የባህሩዲንም መኪና ላምባ ይሸታል፤ እሱን ግን ምን ብዬ ልንገራት?

እንዳልከው አድርገናል። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ማሰሮውን እንደ ሕፃን አቅፋ ቆማ ነበር። አፉን በእንሰት ቅጠል ሸፍነን በልጥ አሰርነው፤ ከትልቁ እንሰት ሥር ቀብረን ላዩን ረገጥነው። ቆጯችንን የሚያቆይልን አፈር ገንዘባችንንም ያቆይልናል። ደብዳቤህን ግን አልቀበረችውም። በቅርጫት አድርጋ ከምድጃው በላይ አሰቀለችኝ፤ ጭሱ ይጠብቀዋል፣ እርጥበትም አያገኘውም ብላ።

ደብዳቤህን በቋንቋችን እያዞርኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። እሷም እንዲህ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች። ምንድን ነው የምትበላው? ሲመሽ አጠገብህ የሚተኛው ማን ነው? እዚያ አገር ስምህን የሚጠራህ ሰው አለ ወይ? የእናት ነገር ነውና አትሳቅባት፤ መልስላት።

አክስትህ አሰገደች


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ጊዜዬ ግን አጭር ነው። ሰማንያ አምስት ብር ልኬአለሁ፤ ሳትውል ሳታድር አፈሩ ውስጥ ትግባ።

ማሰሮው እንደተቀበረ ስሰማ ደስ አለኝ። አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ገንዘብ እንደ ድሮው አይደለም ለእኔ። ድሮ ሳንቲም ሳገኝ ይርጋ ጨፌ ገበያ ወርጄ ዳቦና ሎሚናት እስክገዛበት እቸኩል ነበር። አሁን አንድ ሽልንግ ከእጄ ስትወጣ ኃጢአት የሠራሁ ያህል ነው የሚከብደኝ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ምሳ አልበላም፤ ለጌታ የጾምኩት ጾም ነው። የምሳዬንም ገንዘብ በመሐረብ ቋጥሬ አስቀምጣለሁ። አንዳንድ ቀን ሆዴ ሲጮህ፣ አንድ የቡና ዛፍ ከጓንጉል እጅ ወጣች እላለሁ፤ ያን ጊዜ ረሀቡም ይጣፍጠኛል። ይህን ያስተማረኝ አምላክ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለእናቴ ይህን በደንብ አዙረሽ ንገሪልኝ። ከማሰሮው ውስጥ አንዲት ሳንቲም እንዳትነካ። ለልቅሶም ቢሆን፣ ለሠርግም ቢሆን፣ ለታመመም ቢሆን። ያ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም፣ እኔ ነኝ በያት።

ጥያቄዋን ሰምቻለሁ፤ ፋታ ሳገኝ እመልሳለሁ።

ሽብሩ


ዲላ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሽብሩ

ክረምቱ በርትቶብን መንገዱም ተበላሽቶብን ዘገየሁ፤ አትቀየመኝ። የላክኸው ሁሉ ደርሷል፣ ገብቷል።

እናትህ ከሰኔ ጀምሮ ትስላለች። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ብለን ተውነው፤ አሁን ግን ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። ዲላ ክሊኒክ ልውሰድሽ፣ ከማሰሮው አሥር ብር እናውጣ አልኳት። «ልጄ አይነካም ብሏል፤ እሱ ምሳ ሳይበላ እኔ መድኃኒት ልብላበት?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከእኔ ኪስ ልክፈል ብላት፣ አንቺም ከእጅ ወደ አፍ ነሽ ብላ እንቢ አለች። እንደ እሷ ያለ እልኸኛ በዚህ አገር እንዳለ አላውቅም፤ አንተ ካልሆንክ በቀር።

ልጄ፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ሆኜ ቤተ ክርስቲያን በተከፈተው ትምህርት ነውና ልመክርህ አልችልም። ግን ሲመሽ ሰባት መቶ፣ ሰባት መቶ የምትለው ነገር አሳስቦኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ወልደዮሐንስም ይህን ስነግረው፣ ጾም ሌላ ነው ሲርበው የሚቆጥር ሰው ሌላ ነው አለ። እኔ አላልኩህም፤ እሱ ነው ያለው።

ለሕክምናዋ ከማሰሮው ይውጣ የሚል አንድ ቃል ጻፍልኝ። ደግሞም ያን ጥያቄዋን መልስላት። ሲሰማት ይሻላታል።

አክስትህ አሰገደች


ናይሮቢ፣ ጥር 28 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ

በሞያሌ መንገድ ላይ ሽፍታ ስለበዛ መኪና ሁሉ ቆሞ ነበርና ደብዳቤሽ የደረሰኝ በገና ማግሥት ነው። የእናቴን መታመም በማንበቤ አዝኛለሁ። ጌታ ይማራት።

አሁን መቶ ሃያ ብር አለ። ለሕክምናዋ ለብቻው አሥር ብር ጨምሬአለሁ፤ በቀይ ክር ያሰርኩት እሱ ነው። ከማሰሮው ግን አይውጣ። አንድ ጊዜ ለደግ ነገር ከተከፈተ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ለሌላ ደግ ነገር ይከፈታል፤ ዕድሜ ልኩን ደግ ነገር አያልቅምና። ወንጌላዊ ወልደዮሐንስ ያለውንም አንብቤአለሁ። እሱ መሬቱን ጓንጉል አልያዘበትም።

ባለፈው እሑድ ገበያ መሀል እንሰት የመሰለ ቅጠል አየሁና ቆሜ ቀረሁ፤ ቀርቤ ሳየው ሙዝ ነው።

ሽብሩ


ዲላ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሽብሩ

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን።

ባለፈው ዓመት ተኩል የላክኸው ሁሉ ደርሶናል። አሁን የምጽፍልህ የእናትህ ጎጆ ስለሚያፈስ ቆርቆሮ እንድንገዛላት ነው። ሁለት መቶ ብር ቢገኝ፣ ባይሆን መቶ ሃምሳ፣ ከጥቅምት በፊት ብትልክልን። ተበድረህም ቢሆን። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

አሰገደች


ናይሮቢ፣ መስከረም 2 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ

እንኳን አደረሳችሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ያንቺ ደብዳቤ አልመስል አለኝ። ቀልድ የለው፣ ወሬ የለው፣ የእናቴም ጥያቄ የለው።

ቆርቆሮ ምን ማለት ነው? ለቆርቆሮ ገና እንደርሳለን እኮ። እስካሁን የላክሁት ስድስት መቶ ሰማንያ ብር ነው። ዛሬ በባህሩዲን እጅ ሃያ ብር ልኬአለሁ፤ ሰባት መቶ ሞላ። አክስቴ፣ ሞላ እኮ። ትናንት ሌሊት ሰባት መቶ ማለት ትቼ ዝም ብዬ ተኛሁ፤ ባዶ ቤት የገባሁ መስሎኝ ተመልሼ ተነሣሁ።

አሁን የሚቀረው ማሰሮውን ማውጣት ነው። ባህሩዲንና ሁለት ሽማግሎች ቆመው ይቆጠር፤ ለጓንጉልም በእነሱ ፊት ይሰጥ፤ ውሉንም ተቀብላችሁ እፊቱ ቅደዱት። የተቀደደውን ወረቀት ላኪልኝ። በጥር ወር መጥቼ የራሳችንን ቡና እለቅማለሁ።

ሽብሩ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 25 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለወይዘሮ አሰገደች

ሁለት ወር ሙሉ ያንቺን ደብዳቤ ጠበቅሁ። የመጣልኝ ግን የባህሩዲን ቃል ነው። ጓንጉል ጥቅምት ሲያልቅ መሬቱን በስሙ እንዳጸና፣ ገንዘቡ ተሟልቶ እንዳልቀረበ፣ ማሰሮውም እሱ ፊት እንዳልወጣ ነገረኝ። ምክንያቱን ጠየቅሁት፤ «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በሁለት ሴቶች ጓዳ ገብቼ አልናገርም፤ አክስትህ ትጻፍልህ» አለኝ።

ታዲያ ሰባት መቶ ብሬ የት ሄደ? ገንዘቡ በማን እጅ ሲያልፍ ኖረ? ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። የት እንደተቀበረ የምታውቁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፤ እናቴ ደግሞ ለራሷ ሳል ማስታገሻ እንኳ አሥር ብር ያላወጣች ሴት ናት። የቀረው አንድ ሰው ነው። ቆርቆሮ ያልሽኝ ለእናቴ ጎጆ ሳይሆን ለራስሽ ቤት እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዴን እየቆነጠርኩ ነው የላክሁት። ያን ገንዘብ የበላ ሰው እኔን ነው የበላኝ። አክስቴ ብዬ ደግሜ እንድጽፍልሽ አትጠብቂ። የእናቴን ነገር በሌላ ሰው አስጽፋለሁ።

ሽብሩ


ዲላ፣ መጋቢት 6 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሽብሩ

አክስትህ አሰገደች ነኝ። አክስቴ አትበለኝ፤ ልጄ ማለቴን ግን ልከለክለው አልቻልኩም። ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው። አጠገብህ የሚተኛው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ጥራውና አጠገብህ ይቀመጥ።

እናትህ አልጣሽ የካቲት 19 ቀን፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ በጌታ አንቀላፋች። ይህን ከሁሉ በፊት የጻፍኩት መጨረሻ ላይ ስትደርስ እንዳትወድቅ ነው።

አሁን እሷ ስለሌለች መሐላዬ ተፈታ፤ ሁሉንም እነግርሃለሁ። ባለፈው ሰኔ ሳሏ ደም አመጣ። እኔም ያንተን ቃል ሻርኩና መቆፈሪያ አነሣሁ፤ አሥር ብር አውጥቼ ክሊኒክ ልወስዳት። በቀይ ክር አስረህ የላክኸውን የሕክምናዋንም አሥር ብር ያን ጊዜውኑ ከሌላው ጋር ቀብራው ነበርና። በየጊዜው የመጣውን እናትህ በጨለማ አፉን ብቻ ገለጥ አድርጋ ስለምትከት እስከዚያ ቀን ውስጡን ያየ አልነበረም። ማሰሮው ሲወጣ ከበደኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። የእንሰቱ ሥር በልጡ በኩል ገብቶ ውስጡን ሞልቶታል፤ ሁለት ክረምት የጠጣው ውሃ አለ። ብሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጥቁር ሊጥ ሆኗል። እናትህ መጀመሪያ ቆጮ ነው ብላ፣ ማነው እዚህ ቆጮ የጨመረው አለችኝ።

ሽብሩ፣ አፈሩ አልዋሸንም። የአባታችን ጠገራ ብረት ነበርና ጠበቀው። ያንተን ወረቀት ደግሞ ወረቀት እንደሚደረገው አደረገው። አንተ ቅበሩት አልክ፣ እኔ ቆፈርኩ፣ እሷ አስቀመጠች። ከሦስታችን ፊደል የቆጠርነው ሁለታችን ነን። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ያንተን ደብዳቤ እርጥበት እንዳያገኘው በገዛ እጄ ከምድጃው በላይ የሰቀልኩት በዚያው ቀን ነበር። አንዱን ጭስ ላይ ሰቅዬ ሌላውን ጭቃ ውስጥ ስከት፣ ሁለቱም ወረቀት መሆናቸው ለአንድ አፍታ እንኳ አልመጣልኝም። ገንዘብ ሲሆን ዓይናችን ላይ ምን እንደሚወርድ እንጃ።

በወንፊት ዘርግተን እሳት ዳር አደረቅነው። ቁጥሩ የታየው አርባ ሦስት ብር ብቻ ነው። የቀረውን ይዤ ባንክ ድረስ ሄድኩ፤ ጸሐፊው ጥሩ ልጅ ነው፣ ብርሃን ላይ እያደረገ አንድ ባንድ አየልኝ፣ ግን የማይነበበውን ሊቀበል አይችልም። እናትህ ግን ያን ቀን አላለቀሰችም። ሊጡን በእጇ ይዛ ብዙ ቆየችና «በየጊዜው ልጄን እየቀበርኩ ኖሬአለሁ» አለች። ገንዘቡ እኔ ነኝ ብለህ አልነበር? እሷ ያልካትን አመነች።

እንዳልነግርህ በመጽሐፍ ቅዱስ አስማለችኝ። በረሀብ ያጠራቀመው ነው፣ ቢሰማ እዚያው ይሞትብኛል አለች። የቆርቆሮውን ውሸት የጻፍኩት ያኔ ነው፤ የጎደለውን ሳታውቅ ልንሞላው። ማሽኔን በመቶ ሠላሳ ሸጥኩ። ወንጌላዊ ወልደዮሐንስ ከምእመናን ሠላሳ ስምንት ብር ሰበሰበ። የመጨረሻዋ ሃያህም መጣች። ሁሉ ተደምሮ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሆነ። ጓንጉል ጋ ይዘን ስንሄድ ውሉ በአንድነት ነው የሚለው አለ፤ እንደዚያ ነበር የሚለውም፣ ያነበብኩላችሁ እኔ ነኝ። የምእመናኑን መለስን። የተረፈው ለመድኃኒቷ ዋለ፤ መድኃኒቱ ግን ዘግይቶባት ነበር።

የኅዳር ደብዳቤህን አላነበብኩላትም። ምን ይላል ስትለኝ፣ ደህና ነኝ ይላል አልኳት። ቅርጫቱ ውስጥም አልጨመርኩትም። እኔን ጎድቶኛል፤ አልዋሽህም። ማሽኔ የነበረበት በረንዳ ላይ ተቀምጬ በእጄ ቁልፍ ስተክል ነበር ያነበብኩት።

ከገና በኋላ ከአልጋ አልተነሣችም። አንድ ቀን ቅርጫቱን አውርጄላት፣ ከደብዳቤዎቹ ገንዘብ የሌለበትን ብቻ አንብቢልኝ አለችኝ። ልጄ፣ አሥራ አንዱንም ዘረጋሁ። ፈለግሁ። ያገኘሁት ሁለት ቦታ ነው። ናይሮቢ ጠዋት ይበርዳል፣ እንደ አሪቻ ጉም አለው ያልከው፤ ደግሞ ሙዙን እንሰት መስሎህ ቆመህ የቀረኸው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሲመሽ «ሙዙን አንብቢልኝ» ትለኝ ነበር። አነብላታለሁ፤ ትስቃለች፤ ሳሉ ያቋርጣታል። ሞኝ ልጄ፣ ሙዝና እንሰት ጠፋው ትላለች። እንዲህ እያልን አርባ ቀን ያህል አደርን።

ካባትህ አጠገብ ቀበርናት። ጓንጉል ቡናው መሀል እንድንቆፍር ፈቀደ፤ ለቦታው ምንም አልጠየቀም፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነበር። እዚያ ሊያጽናናህ የሚመጣ የለህምና በርታ። ካልጻፍክልኝም አልቀየምህም።

አሰገደች


ናይሮቢ፣ ግንቦት 17 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለወይዘሮ አሰገደች

አክስቴ፣ ዘጠኝ ጊዜ ጀምሬ ስምሽ ላይ ስደርስ እየቀደድኩ ነው የቆየሁት። እግርሽ ላይ ወድቄአለሁ። በላሽ ያልኩሽን ቃል የጻፈች እጄን እያየኋት ነው የምውለው። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፌ አልሞላም፤ ግን ይቅር በይኝ።

ቅበሩት ያልኩት እኔ መሆኔን ረስቼው ነበር። ደብዳቤሽን እስካነብ ድረስ ከልቤ ረስቼው ነበር። ለታመመም ቢሆን አትንኪ ያልኩትን ግን አልረሳሁትም፤ ሌት ተቀን እሱን ነው የምሰማው።

ሦስት ዓመት ሙሉ እጸልያለሁ ብዬ ነበር። አሁን መለስ ብዬ ሳየው ጌታ ከእኔ አፍ ከቁጥር በቀር ሌላ አልሰማም። መጀመሪያ ገንዘቡን የፈለግሁት ለመሬቱ ነበር፣ መሬቱን ደግሞ ለእናቴ። እየቆየ ገንዘቡ ብቻውን ቀረ። እናቴ ስትታመም እንኳ የታመመው ማሰሮው መስሎኝ ነው የደነገጥኩት። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንቺ ልናገረው።

ባለፈው ቅዳሜ ህንዳዊው ደመወዜን ሰጠኝ። እንደ ልማዴ ቆሜ ልጸልይበት ስል ቃል አጣሁ። ባዶ ወረቀት ነበር የያዝኩት። ኪሴ ከተትኩት፣ አጠገቤ የሚተኛውን ሰው ጠራሁና ሁለት ሰሃን ምግብ ገዛሁ። በልቼ ስጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኼ አለቀስኩ። የማሽንሽን ነገር በልቤ ይዤዋለሁ፤ ስለ እሱ ግን ሌላ ቀን እንጽፋለን፤ ወደዚህ ደብዳቤ እንዲገባብኝ አልፈልግም።

ከዚህ በታች ያለው የእናቴ ነው።

እናቴ፣ ምንድን ነው የምትበላው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠንካራ ገንፎ አለ፤ በጎመን እንበላዋለን። ቆጮ የለም። ቆጮ በሕልሜ በልቼ አውቃለሁ፤ አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ፣ ትኩስ ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ ያልኩሽ ጾም አልነበረም እናቴ፤ ረሀብ ነበር። አሁን ሰኞም እበላለሁ።

ሲመሽ አጠገብህ የሚተኛው ማን ነው ብለሽ ነበር። ኦኬሎ ይባላል፤ ኪሱሙ ከሚባል የሐይቅ ዳር አገር የመጣ ነው። ያንኮራፋል። የመጀመሪያው ክረምት ብርድ ልብስ አልነበረኝም፤ ለመግዛት ሳስቼ ነው። እሱ የራሱን ግማሽ አልብሶኝ ከረመ። ለእናቱ ገንዘብ ሲልክ አይቼው አላውቅም፣ ንቄውም ነበር። በየገናው ግን ሄዶ እጎኗ ተቀምጦ ይመጣል። ስላንቺ ስነግረው የኔ እናት ናት ብሎ አብሮኝ አለቀሰ።

ስምህን የሚጠራህ ሰው አለ ወይ ብለሽ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ሐበሻ ነው የሚሉኝ። ኦኬሎ ሊጠራኝ ይሞክራል፤ ሺቡሩ ይለኛል፣ አይሆንለትም። አንዳንድ ቀን ሞተር ሳጥብ፣ ሰው በሌለበት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ራሴን እጠራለሁ። አንቺ ከጎጆው ጀርባ ሆነሽ እንደምትጠሪኝ፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጌ። ከዚያ አቤት እላለሁ።

ሙዙንና እንሰቱንም አሁን ለይቼ አውቃለሁ።

አክስቴ፣ ጓንጉል ቢፈቅድልሽ ቡናው መሀል ግቢና እመቃብሯ ላይ ተቀምጠሽ ይህን በቋንቋችን አዙረሽ አንብቢላት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተላከ ገንዘብ የለም። የምትዘልዪው ቦታ የለሽምና ሁሉንም አንብቢላት።

ልጇ፣ ሽብሩ